ዝም ያለው የስፌት መኪና

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ከሰው ዓይን ያውጣሽ፤ የሄድሽበት ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን።

እንዲህ ስልሽ ማመንሽ ነው የሚያናድደኝ! ድሮ ማንን ታምኚ ነበር? የመርማሪ ታሪክ ስታነቡ ከርማችሁ፣ ከፀጉር አስተካካዩ ልጅ ጋር ወለሌን ዱቄት በዱቄት አድርጋችሁ፣ የስኳሩን ሌባ በዱካው ያዛችሁት። አባትሽ ሆኖ ሲገኝ እንኳ እስኪናዘዝ መች ለቀቃችሁት!

አሁን በየእሁዱ ትደውያለሽ። ስናወራ ከኋላዬ ይንጣጣ የነበረው የአባትሽ የስፌት መኪና ዝም ካለ ከረመ። ጆሮሽን ምን ነካው? ያቺ ጓደኛሽ፣ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ ሰሞኑን ብቅ ብላ፣ ገና ሳትቀመጥ መኪናው ላይ ጣቷን አሳረፈችና አቧራውን አየች።

“እትዬ፣ ጋሼ ምን ሆኑ?” አለችኝ። የራሴ ልጅ እያለች ለጎረቤት ልጅ አለቀስኩ።

እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ። መርፌ መያዝ አቅቶታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ይቆጣኛል። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነበር፤ አንቺው ትደርሺበታለሽ ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሆነም። ይኸው መሐላዬን አፈረስኩ።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ እናቴ። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ለእሱ እሰጠዋለሁ። “ደህና ነኝ” ይልሻል። እባክሽ፣ እንደዚያን ጊዜው እስኪናዘዝ አትልቀቂው።