ሊሾው ላይ የተነጠፈው ጆንያ

እትዬ፣ ይህ ወረቀት እንደምን ሆነሽ ያገኝሽ ይሆን? ከጄሶ የወጣው እጅሽ መቀስ መጨበጥ ጀመረ ወይስ ገና ይለግምብሻል? የአባባ ሳል ለቀቃቸው? እማማስ ጉልበቷን አሁንም ታሻለች? የግቢያችን ሰው ሁሉ እንዴት ከረመ? እኔ ስሚንቶ ከሰነጠቀው መዳፌና ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያመኝ የለም፤ ምስጋና ለፈጣሪ።

ልጅ ሳለሁ ያወጣሽልኝ «ለምንዬ» የሚለው ስም እዚህም ደርሶብኛል። ፎርማናችን ይህ ግንበኛ ከሚገነባው የሚጠይቀው ይበዛል እያለ ያማኛል። ምን ላድርግ፣ ሰሞኑን የገባንበት ሥራ ሳይጠይቁ የሚታለፍ አይደለም።

የምናድሰው ሕዝቡ መታወቂያና የልደት ወረቀት የሚያወጣበት መሥሪያ ቤት ነው። ከፊቱ ሰባት ደረጃ አለው። አሁን የወጣው ደንብ መራመድ፣ ማየት ወይም መስማት የማይችል ሰው እንደማንም ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ መውጣት ካልቻለ ቤቱ ለሕዝብ አይከፈትም ይላል። ስለዚህ ከደረጃው ጎን ለተሽከርካሪ ወንበርም ለክራንችም የሚሆን ዘንበል ያለ መወጣጫ ሠራን። ቁመቱ አንድ ስንዝር ከፍ ባለ ቁጥር ርዝመቱ አሥራ ሁለት ስንዝር መሆን አለበት። ለምን አሥራ ሁለት ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያ ቀጥ ካለ ወንበሩን የሚገፋው ክንድ ይዝላል፣ ሲወርድም አይያዝም አሉኝ። የሰባቱ ደረጃ ቁመት በጠቅላላ አምስት ስንዝር ስለሆነ ስልሳ ስንዝር መንገድ ወጣው፤ መሐሉ ላይ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ሜዳ አለው።

የበሩ እጀታም ክብ እንዳይሆን ተባለ፤ ጣቱ የማይታዘዝለት ሰው በክርኑ ተጭኖ እንዲከፍተው ነው። እኔም ሁለት ባልዲ አሸዋ አንጠልጥዬ በክርኔ ከፈትኩት፤ ለካስ ለሁላችንም ነው። ወለሉ ላይ ደግሞ በበትር እየዳሰሱ የሚሄዱበት ጎርበጥባጣ መስመር ተነጥፏል። ዓይኔን ጨፍኜ በእግሬ እየዳበስኩ ብከተለው ሦስተኛው መስኮት ፊት አቆመኝ። እዚያ ከመክፈቻው በፊት መዝገብ ስታደራጅ የነበረችው ጸሐፊ ምን ልታዘዝ ስትለኝ የልደት ወረቀት አልኳት።

መወጣጫውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። የእጄን ታውቂያለሽ፤ በግንበኛ ማንኪያ ስሚንቶውን ደጋግሜ አሽቼ ሰማይ የሚታይበት ሊሾ አደረግሁት። የሥራ ባልደረቦቼ እየዞሩ አዩልኝ። ከዚያ የደንቡ መርማሪ መጣች። ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ ሴት ናት። ጭኗ ላይ ክራንችና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዛለች፤ ውሃው ለመጠጥ መስሎኝ ነበር። የሠራው ማነው ስትል ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ያማረ ሥራ ነው አለችና ውሃውን ሊሾው ላይ አፈሰሰችው። ክራንቹን ሰጥታኝ በል ወንድሜ፣ አንድ እግርህን አንጠልጥለህ ውጣበት አለችኝ። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ክራንቹ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ፤ በቂጤ ዘጭ አልኩ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ፎርማኑ አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ብሎ ሊሾውን አስፈነቀለን። አሁን ስሚንቶው እርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ተጭሮ እንደ ላም ምላስ ሻካራ ሆኗል።

ሳይከነክነኝ አልቀረም። መርማሪዋ ልትሄድ ስትል ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ እንዲህ ያለ ሊሾ ቤቱ ውስጥ ያለበት ሰውስ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኋት። በክራንች በምሄድበት ዘመን እናቴ ጆንያ ታነጥፍልኝ ነበር አለችኝ።

እትዬ፣ ያን ጊዜ የእማማ የድሮ ደብዳቤ ትዝ አለኝ።

ወደዚህ ሥራ ልመጣ በተሰናዳሁበት ሰሞን ከበራችን እስከ ግቢው መውጫ ያለውን መተላለፊያ ሊሾ ያደረግሁልሽ ጭቃ እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያች ማደግ ባቆመች እግርሽ ክራንች ይዘሽ ስትቸገሪ አይቼ፣ ማስታወሻ ልተውልሽ ብዬ። ጥቂት ቆይቶ እማማ፣ እህትህ ሊሾህ እንዳይጫር ብላ ጆንያ አንጥፋበታለች ብላ ጻፈችልኝ። ደብዳቤውን እዚህ ማደሪያ አብረውኝ ለሚያድሩት ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ይኸው፣ ሥራ የምታከብር እህት እንዲህ ናት አልኳቸው።

እስቲ አሁን ንገሪኝ። ጆንያው ለሊሾው ነበር ወይስ ለክራንችሽ? ወድቀሽ እጅሽ የተሰበረ ቀን እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቤቱ ሲጸዳ እንደነበር እማማ ጽፋልኛለች፤ ጆንያው ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቶ ነበር? ዘንቦ ነበር? መጀመሪያ የከዳሽ እግርሽ ነው ክራንቹ? ሁሉም እግሯ ደከመ ይላል፤ አንቺም አዎ አልሽ፤ እኔም ከሩቅ ሆኜ እንግዲያውስ ቤት ዕረፊ ብዬ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ በወሩ መጨረሻ መንገድ ዳር ያለውን የስፌት ክፍልሽን ለቀሽ መኪናሽን ጓዳ ልታስገቢ ነው አሉኝ። አፍሬያለሁ። በአንቺም ተናድጃለሁ፤ እጅሽን እስኪሰብርሽ ድረስ የእኔን ኩራት ላለመንካት ሆድ ይፍጀው ብለሽ ያዝሽው?

እግርሽ አልደከመም ብዬ ከዚህ ሆኜ መማል አልችልም። ግን እግርሽን ከመክሰሳችን በፊት ሊሾዬ ይመርመር። መኪናውን ማንም እንዳያነሳ። አባባ መሮና መዶሻ ይዘው መተላለፊያውን ወፍጮ እንደሚወቀር ከዳር እስከ ዳር ይውቀሩት። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው የክራንችሽን ጫፍ ይየው፤ ካለቀ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ ይምታልሽ። ከዚያ ውሃ አፍስሳችሁ መጀመሪያ እሱ ይሂድበት፤ እሱ ቢወድቅ ለሰፈሩ ሳቅ ነው። ቀጥሎ አንቺ። በበሩ ያሉትን የሁለቱን ደረጃዎች ቁመትም በሲባጎ ለክተሽ ቋጠሮ እሰሪበትና በፖስታው ላኪልኝ፤ በአሥራ ሁለት እጥፍ አስልቼ መወጣጫውን እነድፍልሻለሁ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ፊት የማያሳይ ሊሾ ሊሾ አይባልም ብለው ያስተማሩኝን አልረሳሁም፤ መሮውን ሲያነሱ እጃቸው እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የእኔም ከብዶት ነበር በያቸው። እማማን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ወንበርሽን መንገድ ዳር አውጥተሽ እንደ ድሮው አላፊ አግዳሚውን ስትተርቢ ሰምታ ትጻፍልኝ። ጫማ ሰፊውን እንደምን ነህ በይልኝ፤ ስለ ውሃው አስቀድመሽ እንዳትነግሪው። ጆንያውንም አራግፊና ለእማማ መልሺላት፤ እህል ታኑርበት።

የሚወድሽ ወንድምሽ፣ ለምንዬ

ከሠራተኞች ማደሪያ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
እሑድ ከሰዓት፣ መጋቢት ፱ ቀን