«ጠርሙስ አጣቢዋ» ያልናቸው እህታችን

ወዳጅ ዘመዶች፣ የቆማችሁ አረፍ በሉ፣ የራቃችሁም ጠጋ በሉና ስሙኝ። ብዙ አላቆያችሁም። ታላቅ ወንድማቸው ነኝ። ቤት ውስጥ አንቺ ስላት የኖርኩትን እህቴን ዛሬ በወግ በማዕረግ አንቱ ብዬ እሸኛቸዋለሁ።

እህታችን ከግንበኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። ያኔ ሰፈራችን የሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበርና የሁላችንም ጥርስ በልዟል። ሌሎቻችን ስንስቅ አፋችንን በእጃችን መሸፈን ለመድን፤ እርሳቸው ግን «ጥርሳችን ለምን በለዘ?» ብለው ጠየቁ።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ በነጻ የትምህርት ዕድል ኬሚስትሪ አጠኑ። በሃያ አራት ዓመታቸው የውሃ ምርመራ ቤት ተቀጥረው ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገሉ። ሥራቸውን ስንጠይቃቸው «ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ውሃ እለካለሁ» ይሉን ነበር። እኛም ግማሹን ይዘን ግማሹን ጥለን «ጠርሙስ አጣቢዋ» አልናቸው፤ በዚያው ቀረ።

በሠላሳ ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሾፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሴትና ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው በሄዱበት ሁሉ ከየጉድጓዱ ውሃ እየቀዱ ያመጡላቸው ነበር። ባለቤታቸውም እየሳቁ «የአገሩ ጉድጓድ ሁሉ ቤቴ ገብቷል፤ የቀረው እንቁራሪቱ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ክረምት ቤታቸው ሲታደስ ዕቃቸውን እኔ ዘንድ አስቀመጡ። አርባ ጠርሙስ ውሃ ነበረበት። እኔም ላስደስታቸው ብዬ ሁሉንም ደፋሁት፤ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጬ፣ በሳሙና አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ ደረደርኩት። መጥተው አዩና አንዱን ጠርሙስ አንስተው ገልብጠው ተመለከቱት። ከዚያ «ጋሼ፣ እንዲህ አድርጎ ያጠበልኝ ሰው የለም» አሉኝ። የተመሰገንኩ መስሎኝ ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት የልጄ የቀድሞ የክፍል ጓደኛ፣ አሁን የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው፣ ልትጠይቀን መጣች። እህቴ ጥግ ይዘው ሹራብ ይሠራሉ። ልጄ «አክስቴ ናቸው» ብላ ስታስተዋውቃቸው፣ እንግዳዋ ሙሉ ስማቸውን ጠየቀችና ብድግ አለች።

«እኔኮ ተማሪዎቼን የማስተምረው የእርስዎን መለኪያ ነው!»

ለካስ ጥርስ የሚያበልዘውን ውሃ በጥቂት ጠብታ ቀለም የሚለየውን፣ የገጠር ጤና ሠራተኛ ሁሉ በኪሱ የሚይዘውን መለኪያ ያገኙት እርሳቸው ኖረዋል። መርዘኛ ጉድጓዶች የተዘጉት በእርሳቸው ሥራ ነው። እኛ ቤት ግን ጠርሙስ አጣቢ ነበሩ።

መምህርቷ ቀጠለች፤ «በጥናትዎ ላይ የውሃ ናሙናዎቹ በአደጋ ስለጠፉ ሥራው ሁለት ዓመት ዘገየ ብለው ጽፈዋል። ምን አደጋ ነበር?»

እህቴ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ «ጎርፍ» አሉ።

ጎርፉ እኔ ነበርኩ። ይቅርታ ለመጠየቅ ስድስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ ዛሬ ነገ ስል አመለጠኝ። እህቴ፣ በዘመድ ፊት እለምንሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

እህታችን በልብ ሕመም አራት ወር ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል። እነዚያ ሕፃናት ሲስቁ አፋቸውን አይሸፍኑም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጥሩ ውሃ ካለበት፣ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። እናንተንም አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ በሰው ዕቃ መካከል ውሃ የያዘ ጠርሙስ ስታዩ፣ ከመድፋታችሁ በፊት ጠይቁ። ስትጠይቁም እህቴን አስታውሱልኝ።