የደጊቱ ገደል

ጥቅምት 9 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሰበታ

ቀኑን ሙሉ ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ዲኖ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ትናንት እንግዶች ይዞ ተራራው ላይ ወጥቶ ነበር። ደኑ ፓርክ ከሆነ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው በየእሑዱ ይጎርፋል። «የእህትህን ገደል አየሁት» አለኝ፣ ደስ ብሎት። ለፍቅረኛዋ ስትል የዘለለች ቆንጆ ነበረች አሉ... ስሙም ከዚያ የመጣ ነው አሉ። ማን አለህ? አልኩት። አስጎብኚው፣ ወንዳፍራሽ፣ አለኝ።

ወንዳፍራሽ!

ጥቅምት 10

እንቅልፍ የለም። እህቴ ደጊቱ ለማንም ብላ አልዘለለችም። ጭራሮ ለቅማ ስትወርድ የደን ጠባቂ አባረራት፤ እንጨቱን እንደተሸከመች ገደል ገባች። ጠባቂው ራሱ ወንዳፍራሽ ነበር። ገደሉን በስሟ የጠራነው እኛ ነን፣ እንዳይረሳ ብለን። አሁን እሱ እንጀራ ይብላበት? ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው?

ጥቅምት 12

ለእማዬ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። «ፍቅረኛ ሰጣት?» አለችኝ። «ደግ አደረገ። ልጄ ማንም ሳይወዳት ነው የሞተችው።»

በሩን ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። እናት እንዲህ ትላለች?

ጥቅምት 15፣ እሑድ

እማዬ ገደሉ ጋ ውሰደኝ አለች። እየደገፍኳት ወጣን። ወንዳፍራሽ ሲያየን ክው አለ፤ እንግዶቹ ከበውት ስለነበር ግን ቀጠለ። ፍቅሩን፣ መሐላውን፣ ሁሉን... አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። ላንቀው ነበር። እማዬ ክንዴን ያዘች። እስኪጨርስ ሰማችውና ቀስ ብላ፣

«ኦቦ ወንዳፍራሽ፣ ወሬው ያምራል። ጀርባዋ ላይ የነበረው እንጨትስ? ለፍቅረኛዋ ነበር የምትወስደው?»

መሬት መሬት አየ።

ጥቅምት 18

ንዴቴ አልበረደም። እማዬ ስለ ገደሉ አታነሳም።

ኅዳር 6፣ እሑድ

ብቻዬን ወጣሁ። ከእንግዶቹ ኋላ ቆምኩ፤ አላየኝም።

«ደጊቱ ትባላለች» አለ። «እንጨት ተሸክማ ስትሸሽ ወደቀች።»

አንዱ ከማን ነው የምትሸሸው ብሎ ጠየቀው።

«ከእኔ።»

እየሮጥኩ ወርጄ ለእማዬ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ... ስለ ፍቅረኛዋ ምንም አላለም? አለችኝ። ምንም አላለም አልኳት።

«ፍቅረኛዋንም ወሰደባት በለኛ።»

ያኔ አለቀሰች። ይቅር አላልኩትም። አልልም።