መስመሩ ሲታጠፍ

ካይሮ፣ ጥቅምት 3 ቀን 1590 ዓመተ ሰማዕታት

ዛሬም ስገለብጥ ዋልኩ። የሰው ንድፍ፣ የሰው መስኮት፣ የሰው ደረጃ። ምሳ ባቄላ በዘይት። ከሰዓት አንዲት ዝንብ ቀለም ውስጥ ገብታ በምገለብጠው የአንድ ፓሻ በረንዳ ንድፍ ላይ ተራመደች። እንደገና ከመጀመሪያ።

ጥቅምት 5

ጉድ! አለቃዬ ሲኞር ካዞላ ጠራኝ።

"ዋሲፍ፣ የእህል ነጋዴው ሚስት ደሚያና፣ ያቺ ባሏ የሞተባት፣ ቤት ልታሠራ ነው። ንድፉን አንተ ሞክረው። ከወደደችው ስምህን ከሥሩ ትጽፋለህ። ካልወደደችው ወደ ግልበጣህ።"

ስምህን አለኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው ሥራ ላይ ሳቀረቅር ስሜን አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም።

ጥቅምት 9

ጨረስኩ! ከመንገዱ በር ጀምሬ አንድ የመግቢያ መስመር ሳብኩ። ቀጥ ያለ፣ ግቢውን ሰንጥቆ እስከ ኋላው ግድግዳ። ግራና ቀኙ እኩል። እንከን አይወጣለትም። ራስን ማሞገስ ከሆነም ይሁን... ማን ያነበዋል?

ጥቅምት 10

ቤቱን የሚሠራው ግንበኛ ኡስታ ማንሱር ንድፉን ሊያይ መጣ። አየ፣ ጢሙን ዳሰሰ።

"ልጄ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ መንገድ?"

"ምን ጎደለው?"

"በሩ በተከፈተ ቁጥር አላፊ አግዳሚው እሜቴን ጸጉራቸውን ሲያበጥሩ ሊያያቸው ነው?"

"በር ይዘጋላ!"

"ውሃ ሻጩ ሲገባስ? ጎረቤት ሲመጣስ? ኧረ አንተ የት ነው ያደግከው?"

ደሜ ፈላ። ድንጋይ ጠራቢ ስለ መስመር ምን ያውቃል?

ግን እውነት... የት ነው ያደግኩት? እኛ ቤት በሩን እንዳለፍክ ግድግዳ ይገጥምሃል። ወደ ቀኝ ትዞራለህ፣ ከዚያ ወደ ግራ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እናቴ ግቢ ውስጥ ራሷን ሳትከናነብ ትሠራለች። ሃያ ስድስት ዓመት ስዞርበት ኖሬ እንዴት ረሳሁት?

ጥቅምት 12

አጠፍኩት! አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። መጀመሪያ አስጠላኝ፤ የተሰበረ ክንድ መሰለ። ከዚያ ግን... ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከትሎት መጣ! ከመታጠፊያው ጀርባ ለበረኛው መቀመጫ ተገኘ። ግቢው ወደ ሰሜን ፈቀቅ አለ፤ ደግ ነፋስ የሚመጣውም ከሰሜን ነው። ደረጃውም ቦታ አገኘ። እኔ ያንቀሳቀስኩት አንድ መስመር ብቻ! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ።

"እብድ!" አለ ሲኞር። መጥቶ አየ። "እዚህ ጋ እጅህ ስቷል።"

"አልሳተም።"

"ተጣሟል እኮ!"

"አዎ፣ ተጣሟል!"

"እንግዲህ የሚበላሸው ያንተ ስም ነው" ብሎኝ ሄደ።

ጥቅምት 15

እሜቴ ደሚያና መጡ። ንድፉን ዘቅዝቀው ያዙት። ሲኞር ሳቁን ዋጠ።

"እሜቴ፣ ጣትዎን እዚህ ያድርጉልኝ" አልኩ ወረቀቱን አዙሬ። "ከመንገድ መጡ። ይሄ በርዎ ነው።"

ጣታቸው ገባች። ግድግዳው ጋ ቆመች።

"ወደ ቀኝ ይዙሩ... አሁን ወደ ግራ።"

ግቢው መሃል ደረሰች። ለረጅም ጊዜ እዚያው አቆዩዋት።

"እዚህ ሆኜ መንገደኛ አያየኝም?"

"አያይዎትም።"

"በሩ ክፍት ሆኖም?"

"ክፍት ሆኖም።"

"ይሠራልኝ።"

ጻፍኩት! ከሥሩ፣ በትንሹ። ዋሲፍ።

ኅዳር 20

ቦታው ላይ ዋልን። ኡስታ ማንሱር በገመድ እየለካ ንድፉን መሬት ላይ በኖራ አሰመረው። ያቺ ጥፍር የምታህል መታጠፊያ ዛሬ አሥራ ሁለት እርምጃ! ስመላለስባት ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

ግድግዳ የለም። አንድ ድንጋይ እንኳ አልተነባበረም። እሜቴ ደሚያና መጡና ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው በበሩ ገቡ። ኖራው ላይ አልረገጡም። ወደ ቀኝ ዞሩ። ወደ ግራ ዞሩ። ግቢው መሃል ቆሙና መከናነቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

"ዋሲፍ! ከመንገድ እታያለሁ?"

ፊት ለፊቴ ናቸው። ሽበታቸው ሳይቀር ፀሐዩ ላይ ያበራል። ወደ ኡስታ ማንሱር ዞር አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ሠራተኞቹም አንድ ሳይቀሩ ዞረዋል።

"አይታዩም፣ እሜቴ!" አልኩና እኔም ዞርኩ።