ዘጠነኛው ክብ

ለተወደድሽው የልጅ ልጄ ለሊዋይዋይ፣ ካለሽበት ታይዋን ይድረስሽ።

ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ። የቤተሰቡ ታላቅ እንደ መሆኔ ይህን ከባድ ወሬ ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግሁም። ያ ስንት ገድል የተወራለት አውራ ዶሮዬ ጄኔራል ባለፈው ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ከጎረቤት ዳክዬ ጋር ገጥሞ፣ ተሸንፎ፣ ወጥ ቤት ገብቶ ተደብቋል። ዳክዬዋ ሴት መሆኗን ለማንም እንዳትነግሪ። ቀብር የለም፤ ለቅሶ መድረስ የሚፈልግ ግን እኔ ቤት መምጣት ይችላል።

እሺ፣ አሁን ወደ ሰላምታው። እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ጤናሽስ? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? ከፋብሪካ ስትወጪ እግርሽን በሙቅ ውኃ ትታጠቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጫማሽን ሳታወልቂ ነው የምትተኚው? አብረውሽ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቀሩኝ ስድስት ጥርሶች ያመፀው አንዱ ብቻ ነው። እናትሽም ደህና ናት። አሁን ማለቴ ነው። የምጽፍልሽ ከዚህ በፊት ስለነበረው ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልኩን የምትይዝልኝ እሷ ስለሆነች ነው፤ እሷ ፊት የማይወራ ነገር ደግሞ አለኝ።

እንደምታውቂው ዘንድሮም የመረጥነው እናትሽ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ነው፤ የጣቢያው ሰብሳቢም እንደ ሁልጊዜው እሷው ነበረች። አበልጄ ቴዎፊሎ፣ እናትሽን ክርስትና ያነሣት እሱ፣ በሰባ ዓመቱ ለከተማው ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ ተነሣ። ያውም የተመዘገበው በመጨረሻው ቀን ነው። ወንበሩ ስምንት ነው፤ እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ ለስምንት ሰዎች ቃላችንን ሰጥተን ጨርሰናል። አንዱ የአክስት ልጅ ነው፣ አንዱ ታማሚ ሆስፒታል አድርሶልናል፣ አንዱ ለሟች የሬሳ ሣጥን ገዝቷል። ማንን አስወጥተሽ ማንን ታስገቢያለሽ?

የምርጫው ዕለት ሁላችን ከየስሙ አጠገብ ያለውን ክብ እያጠቆርን ወረቀቱን ለቆጣሪው ማሽን አጎረስነው፤ ማታ ማሽኑ ውጤቱን በረጅም ወረቀት ተፋው፤ እናትሽም ፈርማ በሩ ላይ ለጠፈችው። ከእኛ ጣቢያ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መርጧል። ቴዎፊሎ ያገኘው ድምፅ አሥራ አንድ ነው! የክርስትና ልጆቹ ብቻ ሠላሳ ሰባት ናቸው እኮ!

መንደሩ እንደ ንብ ቀፎ ተነሣ። ዓሣ ሻጯ ናርሲሳ ሚዛኗን ጥላ መጣች። «በዚህች እጄ ነው ያጠቆርኩለት! ማሽኑ ዋጠው!» ትላለች። ባጃጅ ነጂው ሩስቲኮ ደግሞ፣ «ምን ይውጠዋል፣ ገልብጦ ለሌላው ሰጠው እንጂ!» ይላታል። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ብሆን ያንን ማሽን ለቅድስና አላጨውም። ሆዱን ከፍቶ ያሳየኝ የለም። ነገር ግን በጠመኔ በሰሌዳ ላይ እየጫርን በምንቆጥርበት ዘመንም ኖሬያለሁ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የአንዱ ሰው ጭረት ሲወልድ፣ የሌላው ሲመነምን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠመኔም እንደዚያ ነበር፤ ልዩነቱ በጠመኔው ጊዜ የሚሰርቀንን ሰውዬ በስሙ እናውቀው ነበር።

ችግሩ ሰው ማሽንን ሰድቦ አይጠግብም፣ መልስ አይሰጠውማ። «ቁልፉ በማን እጅ ነበር?» ማለት ጀመሩ። የመጨረሻውን ያመጣው ሩስቲኮ ነው፤ «የማሽኑ ልብ የሚሠራው የት ነው? ታይዋን! የመምህርት ፐርፔቱዋ ልጅ ያለችው የት ነው? ታይዋን! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» አለ። አዎ እሜቴ፣ እዚያ ሆነሽ አንድ ነገር ተጭነሽ አያትሽን የአበልጁ ደመኛ አድርገሻል! «ልጅቷ ከታይዋን ሆና ማሽን ማዘዝ ከቻለች እስቲ መጀመሪያ የላከችልኝን ስልክ ትዘዝልኝ» ብላቸው የሳቀልኝ የለም።

እናትሽ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው፤ «የፈረምኩት ያየሁትን ነው።» ሣጥኑ ታሽጎ ከተማ ሄዷል፤ እንዳትከፍተው ሕግ ይከለክላታል፤ ምን ታሳያቸው? በግንቦት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሕፃናቱን እየመራች ለማርያም አበባ እንደምታቀርብ ታውቂያለሽ። ሠላሳ የነበሩት ልጆች አሥር ሆኑ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት። ሁለቱን ይዛ ሙሉውን ዝማሬ ዘመረች። አምስት ቤተሰቦች ልጆቻችንን ማዶ ትምህርት ቤት እናስመዘግባለን አሉ። ይህን ሁሉ ችላዋለች። ያልቻለችው የክርስትና አባቷን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር አግኝታው እንደ ወጉ እጁን ወደ ግንባሯ ልትወስድ ጎንበስ ስትል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ቤት ገብታ የተተኮሰ ልብስ እንደገና ስትተኩስ አየኋት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዉ ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። እናትሽ ከትምህርት ቤቱ እንድትነሣ አቤቱታ ተጽፎ ፊርማ ይሰበሰብ ጀመር። እሷም መጥታ ከፊት ተቀምጣለች፣ ማንንም ሳታይ የሻሿን ጫፍ እያጠፈች። ወረቀቱ እኔ ዘንድ ሲደርስ ሩስቲኮ፣ «አያ ክሪሳንቶ፣ አንተ እለፍ፤ አባት ነህ» አለኝ። እኔ ግን ተነሣሁ። ሰዉ የደከመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

«ዘጠኝ ነው ያጠቆርኩት» አልኳቸው።

«ምን አልክ አያ?»

«ክቦቹን ነዋ! ለስምንቱ ቃል ገብቼ ነበር። አበልጄን ደግሞ ልተወው? አንድ ብትጨመር ምን ይለዋል ብዬ ዘጠነኛ አደረግኩት። ከስምንት ካለፈ ስምንቱም ዘጠነኛውም ይሰረዛል። ማሽኑ በሰጠኝ ደረሰኝ ላይ ተጽፎ ነበር አሉ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ሳላነበው ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት። አበልጄን ድምፅ የነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ አይደለችም።»

ይህን ስል እናትሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሻሿ ተመለሰች።

ከቤታችን ወገን ጄኔራል ጮኸ። ከዚያ ናርሲሳ አፏን በእጇ ይዛ፣ «እኔም ዘጠኝ መሰለኝ» አለች። ሩስቲኮ ዘለለባት፤ «አንቺ! ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሌባ ስትዪ የከረምሽው በምን አፍሽ ነው?» «ቆይ፣ አንተስ ስንት አጠቆርክ?» አለችው። ሩስቲኮ ባጃጁን አየ፣ ሰማዩን አየ። «አሥር» አለ። «የሚስቴ ወንድም ነበረበታ!»

ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ እንደ ንስሐ ሰልፍ ሆነ። ከወዲያ «ዘጠኝ»፣ ከወዲህ «ዘጠኝ»። የቴዎፊሎ ሚስት ራሷ አንገቷን ደፍታ፣ «የአጎቴን ልጅ እንዴት ልተወው?» አለች። በመጨረሻ ሁሉም ዞሮ ቴዎፊሎን አየው። አበልጄ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋው፣ እንደገና አወለቀው።

«እኔም ዘጠኝ ነው» አለ። «ስምንቱም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ለእኔ ድምፅ እንሰጥሃለን ብለውኛል። እነሱን ትቼ ራሴን ብቻ ብመርጥ ደግ ነው?»

እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ያ አሥራ አንድ ድምፅ ከየት እንደመጣ ግን እስከ ዛሬ ማንም አላወቀም። ቴዎፊሎ አልሳቀም። እናትሽ ወደ ተቀመጠችበት ሄደና እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። ጎንበስ ብላ ግንባሯን አስነካችው፤ እሱም ቶሎ አልወሰደውም። ናርሲሳ አቤቱታውን አጣጥፋ ወሰደችው፤ በማግስቱ የደረቀ ዓሣ ተጠቅልሎበት ቤታችን መጣ፣ የሩስቲኮ ፊርማ ከላይ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ልጆች አበባ ይዘው መጡ። ሩስቲኮ በባጃጁ አበባ ጭኖ፣ አሁንም ማሽኑን እንደማያምነው ለሰው ሁሉ እየነገረ አደረሰ። እኔም ደግ አደረግህ፣ አትመን፣ ግን መጀመሪያ እስከ ስምንት መቁጠር ተማር አልኩት።

እናትሽን ናፍቀሻታል፤ «ቀበቶ ላኪ ብላለች» የሚለውን ግን ወንድምሽ ዳንቴ ከራሱ ስለጨመረው አትስሚው። አክስትሽ ሚላግሮስ ጉልበቷ እንደተሻለ ንገሩልኝ ብላለች። ቴዎፊሎ ለመጪው ምርጫ ቀድሞ እንደሚመዘገብ እንድነግርሽ አዝዞኛል። ጄኔራልም ዳክዬዋ በሌለችበት ሰላም ይልሻል። አብረውሽ ላሉት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አሁን ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዱን ፈጥሬዋለሁ። የጄኔራልን ነገር ጠርጥረሽ ይሆናል፤ እሱ እውነት ነው፣ የሩስቲኮ አሥርም እውነት ነው። የፈጠርኩት የመነጽሩን ነው፤ ለሰዉም ያልኩት እሱኑ ነው። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር። ደረሰኙን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ፤ መሰረዙን እዚያው ቆሜ አውቄዋለሁ፤ አበልጄን አፍሬ አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ፣ ልጄ ስትሰደብ እየሰማሁ። የምርጫው ዕለት ጠዋት መነጽሩን ጠርጋ ኪሴ ውስጥ የከተተችው ደግሞ እናትሽ ናት። ስለዚህ ሜዳው ላይ «ረስቼ» ስል ቀና ብላ ያየችኝ ውሸቴን አውቃ ነው።  ከዚያ ቀን ወዲህ በየማለዳው መነጽሬን ጠርጋ ከሩዜ አጠገብ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔም አደርገውና ፊቷን ሳላይ እበላለሁ። እስቲ ከምን ልጀምርላት፣ ልጄ?

ያንቺው አያት ክሪሳንቶ
ካላንታስ መንደር፣ ቢኮል
ሜይ 28 ቀን 2019