ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽቦ

ለወንድምጋሼ፣

ዘገየች ብለህ እንዳትቀየመኝ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ነገር ተሻለህ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ ይዘህ ነው? ባለቤትህ እንዴት ናት፣ ፈረቃዋን ለወጡላት? ልጆቹስ? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለ? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ውሸት ጽፌ ባሕር ላሻግር አልፈልግም። እኔ ደህና ነኝ። እናታችን ቆማ ትሄዳለች፣ እህል ግን አይወርድላትም። ታናሻችን ቀኝ ክንዱ በጀሶ ታስሯል። የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እሱን እንኳ ሰምተሃል።

በስልክ የጮህክብኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። «ሴት ልጅ ወንድሟን በብረት ትመታለች እንዴ?» አልክ። ትመታለች ወንድምጋሼ፣ ያውም አጥብቃ። ቀጥለህም ታናሻችን ወደ አንተ እንዲመጣ የጥሪ ወረቀቱን እንዳስገባህለት፣ ትኬቱን በዚህ ሳምንት እንደምትቆርጥለት ነግረኸኝ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። እናታችን አጠገቤ ቆማ ስለነበረች መልስ አልሰጠሁህም። ጎረቤታችን ነርሷ ነገ ወደ እናንተ ስለምትበር ይህን በእሷ ልኬዋለሁ። ትኬቱን ከመቁረጥህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ የምታውቀው መንገድ አሁን ሌላ ሆኗል። የከተማውን ግንብ ዞሮ፣ በድንጋይ ድልድዩ ተሻግሮ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ወደ ገጠር የሚወርደው መንገድ ለመኪና ከተዘጋ ዓመት አለፈው። በሁለቱም ጫፍ የሲሚንቶ ምሰሶ ተክለውበታል፤ የሚያልፍበት እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው። ብታየው! ድሮ በጥሩንባ የምንደነቁርበት ቦታ አሁን ወንዙ ይሰማል። እንግዶች ይመጣሉ፣ ከብስክሌት ቤቱ ብስክሌት አከራያቸዋለሁ፣ ከዚያ ከፊት ከፊት እየነዳሁ ግንቡን፣ የድሮውን በር፣ የፍራፍሬ እርሻውን አሳያቸዋለሁ። በልጅነቴ ብስክሌት ላይ ስወጣ «ይቺ ባለጌ» ይሉኝ የነበሩ ጎረቤቶች ዛሬ ልጆቻቸውን አስተምሪልን ይሉኛል።

ለእኔ የተከፈተው በር ግን በታናሻችን ላይ ተዘጋ። በሚኒባሱ ይሠራ የነበረው በዚያው መንገድ ላይ ነው። አሁን በተራራው በኩል ዞሮ መሄድ አለበት፣ ተሳፋሪ ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም። ሚኒባሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሰፈረባት። ጠዋት ጠዋት አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን «ባለ ሁለት ጎማዋ እመቤት» ይለኛል፤ እኔም መቼ ተኝቼለት፣ «ባለ አራት ጎማው ሥራ ፈት» እለዋለሁ። ቀልድ ነበር። ለእኔ ቀልድ ነበር።

ያን ቅዳሜ ከእንግዶቹ ጋር እትዬ መምህርትም ነበሩ። አንተንም እኔንም ታናሻችንንም ፊደል ያስቆጠሩን እሳቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከብስክሌቱ አይቀሩም። ከወፍጮ ቤቱ በታች ያለው ቁልቁለት አፋፍ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ወርጄ የብረት መንፊያዬን አወጣሁ። እትዬ መምህርት ደወላቸውን እያቃጨሉ አለፉኝ። «ዛሬ እኔ ልምራ፣ አንቺማ አርጅተሻል!» አሉኝ፤ ሁላችንም ሳቅን። ጎማው ገና ግማሽ እንኳ አልሞላም፣ ከታች ብረት ሲንኮታኮት ሰማሁ። የሰው ጩኸት ግን የለም። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ስደርስ ብስክሌታቸው ቦይ ውስጥ ወድቆ ጎማው ይሽከረከራል። እሳቸው በጀርባቸው ተንጋለዋል። ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ ገና ይርገበገባል። ጉሮሯቸው ተከፍቶ ደሙ ከአረፋ ጋር ይወጣል። ሹራቤን አውልቄ ጫንኩበት። ትንፋሻቸው በአፋቸው ሳይሆን በጣቶቼ መካከል ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም። «አይዞዎት እትዬ፣ አይዞዎት» እላቸዋለሁ። ነፍሳቸው ተርፋለች። የሚተነፍሱት ግን አንገታቸው ላይ በገባ ቱቦ ነው፣ ሐኪሙም ድምፃቸው አይመለስም ብሏል። ያ ከሦስተኛው ክፍል ጮኸው አንደኛ ክፍል ያሉትን ጸጥ የሚያሰኙበት ድምፅ፣ ወንድምጋሼ!

ሰው ግር ብሎ ወጣ። አንዱ፣ በቆራሌው ጋሪ ላይ እንዲህ ያለ ሽቦ አይቻለሁ አለ። ቆራሌው አሮጌ ብረት እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ጋሪው ላይ ሽቦ ባይኖር ነበር የሚገርመው። ማን ይስማ! ጋሪው ሥር ቢደበቅ በእግሩ ጎትተው አወጡት። በድንጋይ መቱት፣ በቡጢ መቱት፣ በገዛ ሚዛኑ ብረት መቱት። ጥርሱ አቧራው ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ታናሻችን ከየት እንደደረሰ አላውቅም፣ ከሁሉም አብልጦ የሚረግጠው እሱ ነበር። አፉን አፉን ነው የሚለው። «ተናገር!» ይለዋል፣ ሰውየው ሊናገር ሲል ደግሞ ይረግጠዋል። ለእትዬ መምህርት ተቆርቁሮ መስሎኝ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁበት። ፖሊስ ባይደርስ ያ ሰው አልቆለት ነበር። አሁን መንጋጋው ተሰብሮ፣ ሽቦውን የወጠርከው አንተ ነህ ተብሎ እስር ቤት ተቀምጧል።

በማግስቱ ወደ ቦታው ተመለስኩ። ፖሊሶቹ የተወጠረውን ከመሐል ቆርጠው ወስደዋል፣ ግንዶቹ ላይ የተጠመጠመው ግን እንዳለ ነው። ደሙ ስለነበረበት እዚያ መቅረቱን አልወደድኩም፤ ልፈታው እጄን ሰደድኩ። አልወጋኝም። ዳበስኩት፤ ጫፉ ተጠምዝዞ፣ ተመልሶ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሸጉጧል። ወንድምጋሼ፣ አባታችንን አስታውስ። ለገበሬው አጥር ሲያጥር ላሟ እንዳትቧጨር ብሎ ጫፉን እንደዚያ ያጥፈው ነበር። ጫፉን ሳናጥፍ ከተውነው በፒንሳው ጀርባ ጣታችንን ይመታን ነበር። ከእኛ ቤት ውጭ እንደዚያ የሚያስር አንድም ሰው አላየሁም። አባታችን አፈር ለብሷል። አንተ ባሕር ማዶ ነህ። እኔ አላሰርኩም። ሰው ሊጥልበት ሽቦ የወጠረው እጅ፣ ከብት እንዳይቧጨር ጫፉን አጥፎታል። እጁ ለምዶበት እንጂ አስቦበት አይደለም።

ከዚያ ብስክሌቴ ላይ ወጥቼ ግንዱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እትዬ መምህርትና እኔ ቁመታችን አንድ ነው። ግንዱ ላይ የቀረው ሽቦ ልክ ጉሮሮዬ ላይ ደረሰ።

ቤት ስገባ ሻይ ይጠጣል። እናታችን ገበያ ነበረች። ከግንዱ የፈታሁትን ሽቦ ሲኒው አጠገብ ወረወርኩለት። አልካደም። ከቆራሌው ነው የገዛሁት አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከፊት የምነዳው እኔ መሆኔን ታውቅ የለም ወይ ስለው «አውቃለሁ» አለ። «አንቺ እኮ ጠንካራ ነሽ፣ ትወድቂያለሽ እንጂ አትሞቺም ብዬ ነው። አንዴ ብትወድቂ ትተይዋለሽ፣ እንግዳውም ይሸሻል፣ መንገዱም ይከፈታል» አለኝ። እንዲህ ነው ያለኝ፣ ሻዩን እንኳ ሳያስቀምጥ። ታዲያ ቆራሌውን ለምን ረገጥከው ስለው ሻዩን ፉት አለ። ሰውየው ሽቦውን ለማን እንደሸጠ እንዳይናገር ነበር ለካ።

መንፊያው ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ። ራሱን ሊከላከል ክንዱን ሲያነሳ ክንዱን አገኘሁት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፣ ሰምቼም አላቆምኩም። እናታችን ዘንቢሏን ጥላ መሐላችን ገባች፣ ክርኔ ከንፈሯን አፈነዳው። ለእሷ ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ለእሱ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም።

እናታችን ሽቦውን ያሰረው እሱ እንደሆነ ታውቃለች። ለማን አንገት እንዳሰረው ግን አታውቅም፤ እንዴት ብዬ ልንገራት? ገመናችንን አደባባይ አታውጪ፣ ቆራሌው ወገን የለው፣ ማንም አያለቅስለት፣ ትንሽ ታስሮ ይወጣል ትለኛለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እያደረ ያለው ግን ያ ምስኪን ነው፣ ያውም ሲሚንቶ ላይ። ታናሻችን ወደ አንተ ከበረረ ለቆራሌው ማን ይመሰክርለታል?

ታናሻችን በአንድ እጁ ስለማይችል ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔው ነኝ። ዳቦውንም እኔው ነኝ የምቆርስለት። የላይኛውን ቁልፍ ስቆልፍ ጣቴ ጉሮሮው ላይ ያርፋል። እጠላዋለሁ። ደግሞ ወንድሜ ነው፣ አዝዬ ያሳደግሁት። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ አሉ፣ አንዱ ሌላውን አያስወጣውም።

ስለዚህ ትኬቱን አትቁረጥ። ፖስታው ውስጥ ከአንደኛው ግንድ የፈታሁት የሽቦ ጫፍ አለ። በአውራ ጣትህ ዳብሰው። እህቴ አበደች ካልክ በኋላም ዳብሰው። ሌላኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ዛሬ ለፖሊስ አስረክበዋለሁ። ከዚያ በኋላ እናታችን በስልክ ስታለቅስብህ ዝም ብለህ አዳምጣት፣ የሚያጽናናት አንተ ነህ፤ እኔን ለጊዜው አታናግረኝም።

ለባለቤትህ ብዙ ሰላምታ፣ የላከችው ሹራብ እሱ ነው የእትዬ መምህርትን ደም ያቆመው በላት። ለትልቁ ልጅህ ሰላምታዬን ንገረው፣ እንግዲህ አክስትን መናቅ በጎማ መንፊያ ያስቀጣል በለው። ለትንሿ ብስክሌት ገዛሁላት ብለሃል፤ እሷን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አንገቷንም ሳምልኝ። ለባለቤትህ እናትም ሰላምታዬን አቅርብልኝ። እትዬ መምህርት ስምህን ስነግራቸው በዓይናቸው ፈገግ ብለዋል።

ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ታናሻችን ከጓዳ ጠራኝ። ጫማዬን እሰሪልኝ ነው የሚለው። ወዴት ነው ስለው «ልውጣ» ብቻ አለ። ተንበርክኬ አሰርኩለት፣ እንዳይረግጠውም የማሰሪያውን ጫፍ ወደ ውስጥ ሸጎጥኩት። አሁን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከድሮው በር ስንደርስ በግራ ፖሊስ ጣቢያው ነው፣ በቀኝ መናኸሪያው። እሱ ወዴት እንደሚታጠፍ አልነገረኝም። እኔ በግራ ነኝ። መንፊያውን ይዤዋለሁ፤ በቀኝ ልታጠፍ ካለ ግራ ክንዱ ገና ደህና ነው።

እህትህ
ከእናታችን ቤት፣ ማክሰኞ ጠዋት