የአባባ አናት

ወንድምዓለም፣ ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ፣ አታስብ።

የላክልኝን የዘር ምርመራ ውጤት አነበብኩት። የእኛ ዘር ወንዶች ከሌላው ይልቅ ራሰ በራ የመሆን ዕድላቸው ትንሽ ነው ይላል እኮ። የአባባን አናት አላዩማ! ከሥራ ሲገባ ዘይት ቀብተን በጨርቅ ስንወለውለው፣ “በሉ ፊታችሁን እዩበት” ይለን አልነበር? አንተ “ለእኔም ይደርሰኛል” ብለህ ስታለቅስ፣ እኔ “ሴት ነኝ፣ አልወርስም” እያልኩ አበሽቅህ ነበር።

ይኸው ሳቅብኝ፣ ለእኔ ደረሰኝ። ቅንድቤም ሳይቀር ሄዷል። ነርሷ “መድኃኒቱን ስትጨርሺ ተመልሶ ይበቅላል” ትለኛለች፤ ደግ ሰው ናት። የመኝታ ቤቱን መስታወት ግን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ዘይቱንም ጨርቁንም አዘጋጅቼልሃለሁ። ብቻ አትቆይብኝ።

በሰላም ያገናኘን።
ታናሽ እህትህ